የባሕር ገደል መውጣት ለመጀመር የት ይሻላል? ፖርትላንድ፣ ስዋኔጅ ወይስ ካሊምኖስ

ለንደን ሆናችሁ «ከየት ልጀምር?» ላላችሁኝ መልሴ ፖርትላንድ ነው።

ቦታው ዶርሴት፣ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ነው። ከዋተርሉ እስከ ዌይማውዝ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። መኪና አያስፈልግም። ድንጋዩ የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የተሠራበት የኖራ ድንጋይ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንዳንዱ ላይ እንደ ጠመዝማዛ ብሎን የተቦረቦሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ የጥንት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ትተውት የሄዱት ቅርጽ ነው። እኔ ባየሁት ቁጥር እዳስሰዋለሁ።

ለጀማሪ የሚመቸው ግን አብዛኛው የመውጫ መስመር ላይ ገመድ የሚያያዝበት ብሎን ድንጋዩ ውስጥ ስለተተከለ ነው። ካራቢነር (የሚከፈት የብረት ቀለበት) እያያያዛችሁ መውጣት ብቻ። ስዋኔጅ እዚያው ዶርሴት ነው፣ ውበቱም አይጠገብም። ሆኖም በአብዛኛው የተተከለ ብሎን የለም፤ ገመዱ የሚያያዝበትን የብረት መያዣ ራሳችሁ ስንጥቅ ውስጥ እየሸጎጣችሁ ነው የምትወጡት። ብዙ ቦታ ደግሞ መጀመሪያ ከላይ በገመድ ትወርዳላችሁ፤ ከእግራችሁ በታች ባሕር፣ መመለሻው ወደ ላይ ነው። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት የሚዘጉ ክፍሎችም አሉ። ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አትሂዱ።

ሳምንት ዕረፍት ካገኛችሁ የግሪኳ ካሊምኖስ ትቅደም። ኮስ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በጀልባ። ኦክቶበር ግሩም ነው፤ ኦገስት ላይ ፀሐዩ አያስጠጋም። መስመሮቹ ረጃጅም ናቸውና ቢያንስ 70 ሜትር ገመድ ያዙ።

ጫማ ላይ ብዙ አታውጡ፣ የዴካትሎኑ ሲሞንድ ይበቃል። የተረፈውን ለሄልሜትና ለአስተማሪ አድርጉት። አስተማሪው ውጭ ገደል ላይ ለማስተማር የሚያበቃ ማረጋገጫ እንዳለው ጠይቁ፤ ጂም ውስጥ ለማስተማር ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ገመድ ባትከራዩ ደስ ይለኛል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ የተከራየሁትን በሁለት ጣቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስዳስሰው፣ መሃል ላይ እንደ ባዶ ቱቦ እጥፍ አለ። ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው። ሳልወጣበት መለስኩት። ደብረ ዳሞ በጠፍር የወጣ ሰው ይሄን ጭንቀት ሳይነገረው ያውቀዋል።

ብሎኑንም እዩ። የባሕር ጨው ብረት ይበላል። አይዝግም የተባለው ስቲል እንኳ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ታይላንድ ራይሌይ ላይ ብዙውን በታይታኒየም የተኩት ለዚህ ነው። ከብሎኑ ሥር ቡናማ የዝገት መስመር ድንጋዩ ላይ ከወረደ አትመኑት፤ ሌላ መስመር ምረጡ።