«ኦኬ» ከየት መጣ?

«ኦኬ» እና «ጋይ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ከየት እንደመጡ ተጠይቋል። ስለ «ኦኬ» አመጣጥ የሚነገረው ብዙ ስለሆነ በጽሑፍ ከተያዘው መነሳት ይሻላል። ቃሉ በዛሬ ትርጉሙ መጀመሪያ ታትሞ የተገኘው እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 በወጣው «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ጋዜጣ ላይ ነው። በዚያ ወቅት የቦስተን ጋዜጠኞች የተለመዱ ሐረጎችን እንደ «ዓ.ም.» በመነሻ ፊደላት ብቻ መጻፍ ይወዱ ነበር፤ ለጨዋታ ሲሉም አስቀድመው የሐረጉን አጻጻፍ ያበላሹታል። «ሁሉ ትክክል ነው» ማለት የሆነው «ኦል ኮሬክት» በደንበኛው አጻጻፍ በኤ እና በሲ የሚጀምር ሲሆን፣ እነርሱ ግን ድምፁን ተከትለው በኦ እና በኬ ጻፉት። ጋዜጣው ከሁለቱ ፊደላት ቀጥሎ ፍቺያቸውን አብሮ ማስቀመጡን እኔ ትልቅ ማስረጃ አድርጌ አየዋለሁ፤ ፍቺ የሚጨመርለት አንባቢ ገና ያልለመደው ቃል ነውና።

በዚያው ፈሊጥ «ኦል ራይት»ም በኦ እና በደብሊው ይጻፍ ነበር፤ እርሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። «ኦኬ»ን ያተረፈው የ1840 የአሜሪካ ምርጫ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ይወዳደሩ የነበሩት ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን የተወለዱት በኒው ዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በምትባል ቦታ ስለነበር፣ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» የሚለውን ቅጽል ስማቸውን አሳጥረው «የኦኬ ክለብ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ተቃዋሚዎቻቸው በበኩላቸው የቫን ቡረን ደጋፊ የነበሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል በቅጡ ስለማያውቁ «ሁሉ ትክክል ነው»ን እንዲህ አድርገው ይጽፉ ነበር የሚል የፈጠራ ወሬ አስወሩ። ቫን ቡረን በምርጫው ቢሸነፉም ቃሉ በሁለቱም ወገን አፍ ገብቶ አገር ለአገር ተዳረሰ።

ይህን ሁሉ ከአሮጌ ጋዜጦች ለቅመው በ1963 እና በ1964 ባሳተሟቸው ጥናቶች ያስረዱት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ምሁር አለን ዎከር ሪድ ናቸው። ከዚያ በፊት ቃሉ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቾክቶ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ነው የሚለው አስተያየት ተቀባይነት ስለነበረው፣ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ሰነዶችን ሲያጸድቁ ቃሉን በቾክቶው አጻጻፍ ያሰፍሩት ነበር። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ግን የዘር ሐረግ አያስቆጥርም፤ ለቦስተኑ ታሪክ ቀን ያለው ኅትመት አለለት፣ ለቾክቶው የሚቀርበው በዋናነት የድምፁ መቀራረብ ነው።

አብሮ የተጠየቀው፣ «ሰውዬ» እንደ ማለት የሚነገረው «ጋይ» ግን ታሪክ የሚመስለው ወሬው እውነት የሆነለት ቃል ነው። በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ በባሩድ ለማፈንዳት ሲያሴር ከተያዘው ከጋይ ፎክስ ስም የመጣ ሲሆን፣ በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ቀን አሮጌ ልብስ አልብሰው የሚያቃጥሉት ምስል በስሙ ተጠራ፤ ከምስሉም አለባበሱ ለሚያስቅ ሰው ተላለፈ። አሜሪካ ሲሻገር ፌዙ ቀርቶ ማንኛውንም ወንድ የሚጠሩበት ሆነ፤ ዛሬ በብዙ ቁጥር ሲነገር ለሴቶችም ያገለግላል።