የኪሮሽ አበባዬ ለምን ይጠቀለላል? ዋጋውንስ እንዴት ላውጣ?

ጀማሪዋ ከጀሞ (ጥያቄ)

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ኪሮሽ የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው። መጀመሪያ ለእህቴ ልጅ ኮፍያ ሠራሁ። ከዚያ አበባ ወደድኩና እዚያው ቀረሁ። አሁን ጽጌረዳ፣ የሱፍ አበባ፣ የፀጉር ፒንና የቁልፍ ማንጠልጠያ እሠራለሁ። ቀን ቀን ተቀጥሬ ነው የምውለው፤ ኪሮሹን የምይዘው ማታና ቅዳሜና እሑድ ነው። ጓደኞቼ ይገዙኛል፣ ለሌላ ሰውም ያስተዋውቁልኛል። እንደ ሥራ ልይዘው ፈልጌያለሁ። ግን ሦስት ነገር አስቸግሮኛል።

የመጀመሪያው፣ የአበባዬ ቅጠሎች ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። መሃሉን ክብ ስሠራም አንዳንዴ ይጎብጣል፣ አንዳንዴ ይሸበሸባል።

ሁለተኛው ክሩ ነው። ከመርካቶ በኪሎ ገዛሁ፤ መለያ ወረቀት የለውም። «ጥጥ ነው» ተብዬ ነው የገዛሁት። አበባው ግን ትንሽ ቆይቶ ይልፈሰፈሳል። ስታርች ባደርግበትም ለውጥ የለውም።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። 7 አበባ ያለው እቅፍ በ350 ብር እሸጣለሁ። «ውድ ነው፣ በዚህ ብር እውነተኛ ጽጌረዳ እገዛለሁ» ይሉኛል። ለዕቃ ብቻ ግን ወደ 250 ብር አወጣለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ክር በእጄ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ስለ መጠቅለሉ እኔ ልመልስልሽ። ይሄ የቁጥር ጉዳይ ነው።

ክቡን በሲንግል ክሮሼ (በአጭሩ አሠራር) የምትሠሪ ከሆነ በ6 ስቲች (የክር ስፌት) ጀምሪ። ሁለተኛው ዙር 12፣ ሦስተኛው 18፣ አራተኛው 24 ይሆናል። በየዙሩ የሚጨመረው 6 ብቻ ነው። በደብል ክሮሼ (ረዘም ባለው) ከሆነ ደግሞ በ12 ትጀምሪና በየዙሩ 12 ትጨምሪያለሽ። ከዚህ ካነሰ ክቡ ይጎብጣል፣ ከበዛ ይሸበሸባል። ዙሩ የሚጀምርበት ስቲች ላይ መርፌ ቁልፍ ወይም የሌላ ቀለም ክር ቁራጭ አድርጊበት። ዙሩን በጨረስሽ ቁጥር ስቲቹን ቁጠሪ። ቴሌቪዥን እያዩ መሥራት የሚቻለው ቁጥሩ እጅሽ ከገባ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪ። የምታይው ቪዲዮ የአሜሪካ ነው ወይስ የእንግሊዝ? እንግሊዞቹ ደብል ክሮሼ የሚሉት አሜሪካኖቹ ሲንግል የሚሉትን ነው። የአሜሪካኖቹ ደብል ደግሞ ለእንግሊዞቹ ትሬብል ነው። አንዱን ከአንዱ ካቀላቀልሽ አበባው በምንም ተአምር ልክ አይመጣም። ቪዲዮው «ሲንግል ክሮሼ» ካለ የአሜሪካ ነው ብለሽ ያዢው።

የቅጠሉ ጠርዝ የሚጠቀለለው ግን ብዙ ጊዜ የመነሻው ሰንሰለት ስለሚጠብቅ ነው። ሰንሰለቱን ብቻ ከፍ ባለ ቁጥር የኪሮሽ መርፌ ሥሪው። በ2.5 ሚሊ ሜትር የምትሠሪ ከሆነ ሰንሰለቱን በ3 አድርጊው፣ ከዚያ ወደ 2.5 ተመለሺ። ጫፉ ላይ ስትደርሺ እዚያው አንድ ቀዳዳ ውስጥ 3 ስቲች አስገቢና ዙሪ። በ1 ብቻ ከዞርሽ ጫፉ ይሳባል፣ ቅጠሉም ይታጠፋል።

ጽጌረዳ ላይ ግን መጠቅለሉን አትጥይው። ረጅም ጥብጣብ ሠርተሽ የምትጠቀልይው ስለሆነ እዚያ ላይ ይጠቅምሻል።

እትዬ ዳንቴል

ልጄ፣ እኔ የድሮ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ኪሮሽ የያዝኩት እዚያ ነው። ሶፋው፣ ሬዲዮው፣ ጠረጴዛው ሁሉ ዳንቴል ይለብስ ነበር። ዛሬ እናንተ ወጣቶቹ በአበባ መልሳችሁ ስታመጡት ደስ ይለኛል።

ክርሽ ጥጥ አይመስለኝም። ራስሽ አረጋግጪ። ጣት የምታህል ቁራጭ ክር ቁረጪ፣ በወረንጦ ያዢው፣ ማጠቢያ ሳህን ላይ ሆነሽ ክብሪት ለኩሺበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ ሽታውም የወረቀት ነው፤ የሚቀረው ብን የሚል ግራጫ አመድ ነው። አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ከሆነ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠንክሮ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ሲቀልጥ በጣትሽ እንዳትነኪው፣ ክፉኛ ያቃጥላል። ወደፊት ስትገዢም ከሻጩ ቁራጭ ለምኚና ቤትሽ ሞክረሽ ተመለሺ። ኪሎ ገዝቶ ከመቆጨት ይሻላል።

ስታርች አልይዝ ያለሽም ለዚህ ነው። አክሪሊክ ውሃ አይጠጣም፣ ስለዚህ ስታርቹ ላዩ ላይ ይቀርና ይረግፋል። ጥጥ ግን ይጠጣዋል። ለጥጥ አበባ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ፣ እያማሰልሽ አፍልተሽ፣ ሲበርድ አበባውን ንከሪው። ጨምቀሽ ስፖንጅ ወይም ካርቶን ላይ በስፒል ወጥሪው። የቅርጹን ነገር የምትጨርሺው ያኔ ነው፤ ሲደርቅ እንደወጠርሽው ይቀራል። ካርቶኑን በፌስታል ሸፍኚው፣ ቀለም እንዳይነካ።

ድሮ በስኳር ውሃም እናደርቅ ነበር። በጣም ይጠነክራል። ግን ጉንዳን ይጠራል፣ ክረምት ላይም ይሟሟና ይጣበቃል። ለሚሸጥ ዕቃ አልመክርሽም። ነጩን ኮላ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል አድርገሽ በብሩሽ ከኋላው መቀባት ይሻላል፤ ሲደርቅ አይታይም።

አክሪሊኩን አትጣይው። ለስካርፍ፣ ለኮፍያ፣ ለቦርሳ ይሆናል። ፀሐይም ውሃም ቶሎ አያበላሸውም።

ጀማሪዋ ከጀሞ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁኑኑ አቃጥዬ አየሁት፤ ቀለጠ። ጥቁር ፍሬ ሆነ። ታዲያ የቀረኝን አክሪሊክ ለአበባ ጨርሶ አልጠቀምበትም ማለት ነው? ብዙ ነው የገዛሁት።

ሐዋሳ ኪሮሽ

ትጠቀሚበታለሽ ውዴ። እኔ የምሠራው በአብዛኛው በአክሪሊክ ነው፤ ቀለሙ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። መፍትሔው ሽቦ ነው። የቅጠሉን የመጨረሻ ዙር ስትሠሪ ቀጭን ሽቦ ጠርዙ ላይ አስደግፊና ስቲቹን በሽቦው ላይ አልፈሽ ሥሪው። ሽቦው ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ ቅጠሉን እንደፈለግሽ ታጥፊዋለሽ፣ አይልፈሰፈስም። ለግንዱ ወፈር ያለ ሽቦ ውሰጂ፤ አረንጓዴ ክር ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልይበት። የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ማጠፍ እንዳትረሺ፤ ሰው ይወጋል።

ካውያ ግን በቀጥታ እንዳታሳርፊበት። እንፋሎቱን ብቻ ከላይ አሳይው። ሙቀት የነካው አክሪሊክ ይለሰልስና እንደዚያው ይቀራል፣ ወደ ነበረበት አይመለስም።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። ቀይ ክር ከነጭ ጋር አብረሽ ከመሥራትሽ በፊት አርጥቢና ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጊው። ከለቀቀ ለብቻው ሥሪው። የሙሽራ ነጭ እቅፍ ላይ ሮዝ ቀለም መውጣት ማለት ደንበኛ ማጣት ማለት ነው።

የሒሳብ ሰው

እህቴ፣ ኪሮሽ አላውቅም። ባለቤቴ ናት የምትሠራው፤ ሒሳቧን ግን እኔ ነኝ የምይዝላት። ስለ ዋጋው ልንገርሽ።

350 ብር ሸጠሽ 250 ለዕቃ ካወጣሽ የሚቀርሽ 100 ብር ነው። አንዱን አበባ በስንት ደቂቃ ትሠሪያለሽ? 40 ደቂቃ እንበል። 7 አበባ 280 ደቂቃ ነው። ማሰሩና ማሸጉ ሌላ 40 ደቂቃ ይወስዳል። በድምሩ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። 100 ብርን ለዚያ ስታካፍይው በሰዓት 19 ብር አይሞላም። ይህ እንኳን ለእውቀትሽ፣ ለትራንስፖርትሽም አይበቃም።

ለሰዓትሽ ዋጋ አውጪ። ለምሳሌ 80 ብር ይሁን። 5 ሰዓት ከ20 ወደ 427 ብር ይመጣል። ከ250 ጋር 677። መብራት፣ ስልክ፣ የተበላሸ ክር፣ ትራንስፖርት አለ፤ ትርፍም ያስፈልጋል። እቅፉ ከ750 ብር በታች ሊሸጥ አይገባም። እኔ 800 እላለሁ።

የክሩን ወጪ በግምት አትያዢ። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ካለሽ ኳሱን ከመጀመርሽ በፊትና ከጨረስሽ በኋላ መዝኚው። 100 ግራሙ 250 ብር ከሆነ 8 ግራም የበላ አበባ 20 ብር በላ ማለት ነው። ደብተር ይኑርሽ፤ ለእያንዳንዱ ዲዛይን ግራሙን፣ ደቂቃውን፣ ፒኑን፣ ሽቦውን፣ መጠቅለያውን ጻፊ። አንዴ ከጻፍሽው ሁለተኛ አታስቢበትም።

ትዕዛዝ ስትቀበይ ደግሞ ግማሹን ቀብድ ውሰጂ። በቴሌብር ይላክልሽ። ቀብድ ያልከፈለ ሰው አላዘዘም።

ብርቱካን ክር

እኔ አልስማማም ወንድሜ። 800 ብር ብትል ማንም አይገዛትም። መጀመሪያ በርካሽ ሸጣ ስም ታውጣ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትጨምር። ሁላችንም እንዲያ ነው የጀመርነው።

የሒሳብ ሰው

ሐሳብሽን አከብራለሁ። ግን በ350 የለመደ ደንበኛ በ800 አይመጣም፤ ይቀየማል። ርካሽ ነገር ካስፈለገ ትንሽ ዕቃ ትሥራ፦ አንድ አበባ ያለው ፒን፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ። ክሩ 25፣ ፒኑ 15፣ ካርድና ከረጢት 10፣ 45 ደቂቃ ሥራ 60 ብር። 110 ይመጣል፣ 130 ትሸጠዋለች። ገዢው አይጎዳም፣ እሷም አትጎዳም። ትልቁን እቅፍ ማርከስ ግን ሌሎቻችሁንም ነው የሚጎዳው፤ ነገ «እዚያ በ350 አለ» ትባያለሽ።

ክር በእጄ

በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ሹራብ በማሽን ይሠራል። ኪሮሽ ግን በእጅ ነው። ገዢው ይህን አያውቅም። ስትሠሪ አጭር ቪዲዮ ቅረጪና ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ልቀቂው፤ አንዱ አበባ እስኪያልቅ የሚወስደውን ጊዜ በዓይኑ ይይ። ያን ጊዜ «ውድ ነው» የሚለው ሰው ይቀንሳል። ፎቶውን ጠዋት መስኮት አጠገብ አንሺ፤ በማታ አምፖል ቀለሙ ይሳሳታል፣ ከዚያ «ያዘዝኩት ይሄን አይደለም» ይመጣል።

ቤዛ ሽሮ ሜዳ

ስለ እውነተኛው ጽጌረዳ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልመልስ። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛ አበባ ላኪ ናት። ጽጌረዳው ከሆለታ፣ ከዝዋይ ነው የሚመጣልን። እዚህ ከትኩስ ጽጌረዳ ጋር በዋጋ መፎካከር አይቻልም። ስለዚህ ትኩስ አበባ የማይሆነውን ሥሪ።

ለምሳሌ አደይ አበባ። የሚያብበው መስከረም አካባቢ ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ከዚያ የለም። የአንቺ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ቢጫ ክር፣ 8 ቅጠል፣ መሃሉ ትንሽ ጠቆር ያለ ቢጫ። ለእንቁጣጣሽ አበባዮሽ የሚሉ ሕፃናት ፀጉራቸው ላይ ቢያደርጉት እንዴት እንደሚያምር አስቢው። ክሩን ሐምሌ ላይ ግዢ፣ ነሐሴን ሥሪ። ጳጉሜ ላይ የምትጀምሪ ከሆነ አይደርስልሽም።

እኔ የሐበሻ ልብስ ነው የምሸጠው። ደንበኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ ከጥለቱ ቀለም ጋር የሚሄድ የፀጉር ጌጥ ነው። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምረቃ። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ሲለብሱ ደግሞ ለሁለቱም ይፈልጋሉ። የቀሚሱን ጥለት ፎቶ ይላኩልሽ፤ ሦስት ቀለም ምረጪና አበባውን በዚያ ሥሪ። እንዲህ ያለውን ከትኩስ ጽጌረዳ ጋር የሚያወዳድርብሽ የለም። ልብስ ሻጮች ጋ በናሙና ማስቀመጥም ትችያለሽ። ግን ስንት እንደሰጠሽ፣ ሲሸጥ ስንት እንደሚሰጡሽ፣ ሳይሸጥ መቼ እንደምትወስጂ በወረቀት ይሁን።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ቤዛ ያለችው ልክ ነው። እዚህ አሜሪካ መስከረም ሲመጣ አደይ አበባ የት ይገኛል? ለልጆቼ የእንቁጣጣሽ ጌጥ እየፈለግሁ በየዓመቱ አጣለሁ። ክብደት የለውም፣ አይሰበርም፣ የሚመጣ ሰው በሻንጣው ጥግ ይዞት ይመጣል። ሽቦ ያለው ግን ይጣመማልና ፒኑንና የፀጉር ማስያዣውን ነው የምመርጠው። እህቴ፣ ስትጀምሪ እዚሁ አሳውቂን። 12 ፍሬ እኔ አዛለሁ።

ጀማሪዋ ከጀሞ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! የእቅፉን ዋጋ ከዛሬ ጀምሮ አስተካክላለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። እናት፣ ልጆችሽ ስንት ዓመታቸው ነው? ለሕፃናት ስሠራ የምጠነቀቀው ነገር አለ?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ትልቋ 7 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና 2 አልሞላውም። ለእሷ ፒን፣ ለእሱ ደረቱ ላይ የሚሰፋ አበባ ነው የምፈልገው።

እትዬ ዳንቴል

ልጄ፣ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ዶቃም ቁልፍም አታድርጊበት። ነቅሎ ወደ አፉ ነው የሚያስገባው። የአበባውን መሃል በክር ሥሪው። ሽቦም ኮላም አይኑርበት። የክሩን ጫፍ ስትቆርጪ ቢያንስ 15 ሴንቲ አስተርፊና በመርፌ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ መልሰሽ አሳልፊው፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ ካስገባሽው ሲታጠብ ይወጣል። ከጨረስሽ በኋላ በሁለት እጅሽ ጠንከር አድርገሽ ሳቢው። ካልላላ ስጪው።

ሐዋሳ ኪሮሽ

ለጨቅላ የራስ ማሰሪያ ካዘዙሽ የራሱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ጠይቂ፣ በዕድሜ ብቻ አትሥሪ። ላስቲኩ አይጥበቅ። ሲተኛ እንዲያወልቁለትም ካርዱ ላይ ጻፊው። ለዚህ ጥጥ ክር ብቻ ተጠቀሚ፤ አክሪሊክ ያሞቃል፣ ያሳክካል።