በከሰል የምሠራው አኒሜሽን ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገረኝ

ጥቁር እጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የደቡብ አፍሪካውን ሠዓሊ የዊልያም ኬንትሪጅን አሠራር ልሞክር ብዬ ነው። አንድ ወረቀት ላይ በከሰል እስላለሁ፣ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ጥቂት አጥፍቼ እንደገና እስላለሁ። ሳጫውተው ግን ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ከሰሉም ሙልጭ ብሎ አይጠፋም፤ ሰውዬው ሲራመድ ከኋላው ጥላሸት ይጎትታል። ምን ላድርግ?

ሃያ አራት ፍሬም፦ ብርሃኑን የሚረብሸው ስልክህ ነው። ወረቀቱ በጠቆረ ቁጥር በራሱ ጊዜ ብርሃን ይጨምራል። ስክሪኑን ጫን አድርገህ ፎከሱንና ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ቆልፍ። መጋረጃውን ዝጋና በአምፖል ብቻ ሥራ፤ አለዚያ ደመና በመጣ ቁጥር ይታይብሃል። ነጭ ሸሚዝ ለብሰህም አጠገቡ አትቁም፣ ያንጸባርቃል። ፎቶውን በኢርፎኑ የድምፅ ቁልፍ አንሳ፤ ስልኩን ከነካኸው ይንቀሳቀሳል። ለአንድ ሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ሥዕል ሁለቴ አንሳው፣ 12 ሥዕል ይበቃሃል።

ዝምተኛው፦ ታብሌት ላይ ብትሠራውስ? ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገላለህ።

ጥቁር እጅ፦ እጄ ካልጠቆረ ደስ አይለኝም ወንድሜ።

የቀለም እናት፦ ጎሽ! ለመሆኑ ጥላሸቱን ለምን ጠላኸው? የኬንትሪጅ ሥራ ውበቱ እሱ አይደል እንዴ? በ1991 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ማይን» የተባለ አኒሜሽን ፊልም እየው። ባለሀብቱ ሶሆ ኤክስታይን አልጋው ላይ ሆኖ ቁርስ ያደርጋል። የቡና ማጥለያውን ወደ ታች ሲጫነው፣ ማጥለያው አልጋውን በስቶ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ድረስ ይወርዳል። የጠፋው መስመር ዱካ እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። የግድ ላጥፋ ካልክ ወፍራም ወረቀት ግዛ፤ ስሱ ቶሎ ይላጣል። ለስላሳ ላጲስ ካጣህ የዳቦ ውስጡን ጠቅጥቀህ ተጠቀም፣ ከሰል ያነሳል። ፊክሳቲቭ (ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ የሚነፋ ፈሳሽ) ግን ሥራው ሳያልቅ እንዳትነፋ፤ ከዚያ በኋላ ማጥፋት ፈተና ነው።

ጥቁር እጅ፦ ኤክስፖዠሩን ቆለፍኩት፣ ተስተካከለ፤ እግዜር ይስጥልኝ! አንድ የመጨረሻ፦ የፊልሙን ርዕስ በሊኖሊየም (ለኅትመት የሚቀረጽ ለስላሳ ንጣፍ) ቀርጬ ላትም አስቤ ነበር። ፊደሉ ግን መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ተገልብጦ ወጣ።

የቀለም እናት፦ ገልብጠህ ነዋ የምትቀርጸው! ስስ ወረቀት ላይ በደማቅ እርሳስ ጻፈው። ጽሑፉ ያለበትን ፊት ሊኖሊየሙ ላይ ደፍተህ ጀርባውን በማንኪያ ፈግፍገው፤ እርሳሱ ተገልብጦ ይለቅልሃል። ሊኖሊየሙ ከደረቀብህ ፀሐይ ላይ ትንሽ አሙቀው፣ ይለሰልሳል። ስትቀርጽ ደግሞ ግራ እጅህን ከስለቱ ፊት አታድርግ።