ባልና ሚስት ወደ ጃፓን፦ ቪዛው፣ ጾሙና ባቡሩ እንዴት ነው?

የሜሪላንዷ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በማርች መጨረሻ፣ የቼሪ አበባው በሚፈካበት ሰሞን፣ ጃፓን ለመሄድ ወስነናል። ሁለት ሳምንት ገደማ እረፍት አለን። ቶኪዮን፣ ኪዮቶን፣ ኦሳካን፣ ሂሮሺማን፣ ከተቻለም ሆካይዶን ማየት እንፈልጋለን። ሄዳችሁ ያያችሁ ወይም እዚያ የምትኖሩ ካላችሁ እባካችሁ እርዱን።

እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። ባለቤቴ ግን ገና በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ነው ያለው። እሱ ቪዛ ያስፈልገዋል? ደግሞ ወቅቱ አቢይ ጾም ነው። እኔ እጾማለሁ። እሱ ባይጾምም አሳማ አይበላም። ምን ልንበላ ነው? በአንድ ክፍያ ለተወሰኑ ቀናት የሚያሳፍረውን፣ የባቡር ፓስ የሚባለውንም አንዱ ግዙ ይለናል፣ ሌላው በከንቱ አትክሰሩ ይለናል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ ሳታለሳልሱ ንገሩኝ። ጥቁር ባልና ሚስት ሆኖ እዚያ አገር መዞር ምን ይመስላል?

ካትሱሺካ

እህቴ፣ ቶኪዮ ነው የምኖረው። ከቪዛው ልጀምር፤ ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው። አንቺ በአሜሪካ ፓስፖርትሽ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ትቆያለሽ። ባለቤትሽን ግን ግሪን ካርዱ ከቪዛ አያድነውም። የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። ደግነቱ አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው የጃፓን ኢ-ቪዛ በኢንተርኔት መጠየቅ ይችላል። የጉዞ ዕቅድ፣ የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ማስረጃና የመኖሪያ ፈቃዱን ኮፒ ያዘጋጅ። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ሆቴሉን በነፃ በሚሰረዝ መንገድ ያዙ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ኢ-ቪዛው ኤርፖርት ላይ የሚታየው በስልክ፣ ኢንተርኔት ተከፍቶ ነው። ስክሪን ሾት ወይም የታተመ ወረቀት አይበቃም። ስለዚህ ለስልኩ ኢንተርኔት የሚሆን ኢ-ሲም ከመነሳታችሁ በፊት ግዙለት። የመግቢያና የጉምሩክ ፎርሙን ደግሞ ሁለታችሁም «ቪዚት ጃፓን ዌብ» ላይ ቀድማችሁ ሙሉ። ስትደርሱ ኪውአር ኮዱን አሳይቶ ማለፍ ነው።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። እንደ አደራል (Adderall) ያሉ አምፌታሚን ያለባቸው የትኩረት መድኃኒቶች እዚህ በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን አይገቡም። ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ያሳስራል። ፓስፖርታችሁንም ሆቴል ትታችሁ አትውጡ። ቱሪስት ሁልጊዜ መያዝ አለበት፣ ሕግ ነው፤ ፖሊስም ሊጠይቅ ይችላል።

ሁለታችን

እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት ሄደን ነበር። እስካሁን ስናወራው አናበቃም። መጀመሪያ ግን ሆካይዶን ሰርዙት። በሁለት ሳምንት ያንን ሁሉ ከተማ ማየት ማለት ሻንጣ መጎተት ማለት ነው። አበባውም ቢሆን ሆካይዶ የሚደርሰው አፕሪል መጨረሻ ላይ ነው፤ በእናንተ ጊዜ ገና በረዶ ነው። ዋና ማደሪያችሁን ቶኪዮና ኪዮቶ ብቻ አድርጉ። ኦሳካ ከኪዮቶ በተራ ባቡር ግማሽ ሰዓት ናት። ናራም አንድ ሰዓት አይሞላም። ሂሮሺማ ላይ ግን አንድ ሌሊት እደሩ።

ስለ ባቡር ፓሱ፣ የምታነቡት ምክር አብዛኛው የድሮ ነው። የ7 ቀኑ ፓስ እስከ 2023 ድረስ 29,650 የን ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ 50,000 የን ገባ። ከቶኪዮ ኪዮቶ አንድ ጉዞ 14,000 የን ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 28,000 ማለት ነው። ሂሮሺማን ጨምራችሁ ሁሉንም በ7 ቀን ካላጨናነቃችሁት ፓሱ ዋጋውን አይመልስም። በዚያ ላይ ኖዞሚ የሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ለመሳፈር ፓስ ይዛችሁም ተጨማሪ ትከፍላላችሁ። ተራ ትኬት ይሻላችኋል። ለሂሮሺማው የካንሳይ-ሂሮሺማ ፓስ የሚባል የ5 ቀን አለ፤ ከአንድ ደርሶ መልስ ትኬት ያንሳል። ወደ ኪዮቶ ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ሰማዩ ከጠራ የፉጂ ተራራ በመስኮቱ ይታያችኋል።

ሻንጣችሁን ከቶኪዮ ሆቴል ወደ ኪዮቶ ሆቴል በመልእክት ላኩት። እንግዳ መቀበያው ላይ ፎርም ትሞላላችሁ፤ በነጋታው ይደርሳል። እናንተ በትንሽ ቦርሳ ትጓዛላችሁ። እኛን ከሁሉም በላይ ያሳረፈን ይሄ ነው። ሆቴል ስትይዙ ደግሞ «ሁለት ሰው» ብላችሁ ሙሉ። ዋጋው የሚታሰበው በክፍል ብቻ አይደለም፣ በሰው ቁጥርም ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው። «ደብል» የሚሉት አልጋ ለሁለት ሰው ይጠባል፤ ሁለት አልጋ ያለውን ምረጡ።

ወዳነሳሽው ትልቁ ጥያቄ ልምጣ። ክፉ ቃል የተናገረን ሰው የለም። ግን ባቡሩ ሞልቶ ሰው ቆሞ፣ ከጎናችን ያለው ወንበር ባዶ የቀረበት ጊዜ ነበር። ባለቤቴን ከፋት። እኔንም ከፋኝ። አንድ ትንሽ ምግብ ቤት በር ላይ ደግሞ ባለቤቱ እጁን አጣምሮ «አይቻልም» የሚል ምልክት አሳየን። ቋንቋ ፈርቶ ይሁን ሌላ፣ አላወቅንም። ይሄ እንዳለ ሆኖ በዝናብ መንገድ ጠፍቶን ስንቆም አንዲት አሮጊት ጃንጥላቸውን ዘርግተው እስከ ጣቢያው ድረስ አደረሱን። እንግሊዝኛ አንድም ቃል አይችሉም። ከዚያ ደግሞ ወደመጡበት ተመለሱ። እንዲህ ያለ ደግነት በየቀኑ ነው የገጠመን። የእኔ አስተያየት፣ ሂዱ። ወንበሩ ባዶ ሲቀር ዘና ብላችሁ ተቀመጡ። ማታ ማታ ደግሞ መንገዱ ሰላም ነው። ባለቤቴ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ብቻዋን ወጥታ ውኃ ገዝታ ትመለስ ነበር፤ አሜሪካ በምንኖርበት ሰፈር አታደርገውም።

ሂሮሺማን አትዝለሉት። ሙዚየሙ ውስጥ አንድ የሕፃን ባለሦስት እግር ብስክሌት አለ። ኦገስት 6 ቀን 1945 ጠዋት አቶሚክ ቦምቡ ሲወድቅ ልጁ እየነዳው ነበር። አባቱ ከልጁ ጋር ቀበሩት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ አውጥተው ለሙዚየሙ ሰጡት። እኛ ከዚያ ወጥተን ወንዙ ዳር ለረጅም ጊዜ ሳንነጋገር ተቀመጥን። ከጦርነት አገር ለመጣ ሰው እዚያ መቆም ከባድ ነው። ግን መታየት አለበት። ለዚያ ቀን ሌላ ምንም ፕሮግራም አትያዙ።

ጾመኛዋ

እህቴ፣ የጾሙን ለእኔ ተዪልኝ። እኔ ኪዮቶም ቶኪዮም ጾሜን ይዤ ነው የዞርኩት። ይቻላል፣ ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ሥጋና ወተት መለየት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ዳሺ ነው። ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ነው፤ በሁሉም ነገር ውስጥ አለ። ሚሶ ሾርባው፣ የኑድሉ መረቅ፣ አትክልት የተቀቀለበት ውኃ ሳይቀር። «አትክልት ብቻ ነው» ብለው ከልባቸው ይነግሩሻል። ለእነሱ ዳሺ እንደ ጨው ስለሆነ ዓሣ ብለው አያስቡትም።

ሱፐርማርኬት ስትገቢ የእሽጉን ጽሑፍ በስልክሽ ካሜራ አስተርጉሚው። የአለርጂ ሠንጠረዡ ወተትና እንቁላልን ያሳያል፤ ዓሣን ግን ሁልጊዜ አያሳይም። ዳቦውን እርሺው፣ አብዛኛው ወተትና ቅቤ አለበት። ኮምጣጣ ፕለም ያለው የሩዝ ኳስ፣ ኤዳማሜ (የተቀቀለ እሸት አኩሪ አተር)፣ ቶፉ፣ ሙዝ፣ በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ ትኩስ የሚሸጠው የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ እነዚህ አኑረውኛል። ስኳር ድንቹ በጣም ይጣፍጣል፣ ያጠግባልም። ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ቲስ ታንታን የሚባል ከእንስሳት ምንም የሌለበት ራመን (የኑድል ሾርባ) ቤት አለ። ባለቤትሽም እዚያ አሳማ ሳይፈራ ይበላል። የህንድ ምግብ ቤትም በየሰፈሩ ነው፤ ምስሩን ያለ ቅቤ በይያቸው።

አሁን ዋናው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ ልክ ጾም በምትፈቺበት ሰዓት ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ምሳ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ያበቃል፤ እራት ደግሞ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት አይጀምርም። ስለዚህ ጠዋት ስትወጪ የምትበይውን ገዝተሽ በቦርሳሽ ያዢ። ወይም የትልልቅ መደብሮች ምድር ቤት ሂጂ፤ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነ የምግብ ገበያ አለ።

የቡድሃ መነኮሳት የሚበሉት ሾጂን ርዮሪ የሚባል ምግብ አላቸው። ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም የለበትም። መረቁ ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው። ኪዮቶ አራሺያማ፣ ቴንርዩ-ጂ ገዳም ግቢ ውስጥ ሺጌትሱ የሚባል ቤት ያቀርበዋል። ምሳ ብቻ ነው፣ ቀድሞም ይያዛል። ስለዚህ ለቅዳሜ ወይም ለእሁድ ያዢው፤ እስከ ዘጠኝ መቆየት በሌለበት ቀን። ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽንም አማክሪ። ለመንገደኛ የሚሉት አይጠፋም።

ባለቤትሽ ራመን ካማረው «ቶንኮትሱ» ከተባለው ይራቅ፤ መረቁ የአሳማ አጥንት ነው። ሥጋው ዶሮ ቢሆን እንኳ መረቁን ይጠይቅ።

ከዱባይ

ሙስሊም ነኝ፣ ከባለቤቴ ጋር ነው የሄድነው። ለአሳማው ጉዳይ «ሐላል» የሚል ምልክት ያለባቸው ራመን ቤቶች ቶኪዮ ውስጥ አሳኩሳና ሺንጁኩ አካባቢ አሉ። ሶላት ለሚፈልግ ዮዮጊ-ኡኤሃራ ጣቢያ አጠገብ ቶኪዮ ጃሚ የሚባል ትልቅ መስጊድ አለ። ለክርስቲያንም ክፍት ነው፤ ውበቱን ለማየት ብቻ የሚመጣ ብዙ ነው። ኤምሬትስና ሳዑዲ የምትኖሩም ኢ-ቪዛው ለእናንተም ይሠራል።

ሯጩ

ሁላችሁም ስለ ምግብና ቪዛ ጻፋችሁ፤ አበበን ማንም አላነሳም! ሺንጁኩ ላይ ኮሹ ካይዶ የሚባል ሰፊ መንገድ አለ። ኦክቶበር 21 ቀን 1964፣ በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ የኦሊምፒክ ማራቶኑን የሮጠው በዚያ መንገድ ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር የሆነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው የገባው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አበበ ያን ጊዜ ሜዳው ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

መዞሪያው ቾፉ ውስጥ ቶቢታክዩ አካባቢ ነው፣ የማስታወሻ ምልክት ቆሞለታል። ከሺንጁኩ በኬኦ መስመር ትደርሳላችሁ። የድሮው ስታዲየም ፈርሶ በቦታው አዲሱ በ2019 ተሠርቷል። ፊት ለፊቱ የጃፓን ኦሊምፒክ ሙዚየም አለ። እኔ ጠዋት ተነስቼ ኮሹ ካይዶን ጥቂት ሮጥኩበት። የመኪና መንገድ ነው፣ የሚያምር ነገር የለውም። ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ቶኪዮ ሄዶ እዚያ ሳይቆም ቢመለስ እኔ ይቆጨኛል። የዕድሜ ባለፀጋ ጃፓኖች ዛሬም «ኢትዮጵያ» ስትሏቸው «አበበ!» ይላሉ። እኔን ታክሲ ሾፌሩ እጄን ጨብጦ ነው ያወረደኝ።

የሜሪላንዷ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! ሆካይዶ ተሰርዟል። የባለቤቴን ማመልከቻ ዛሬ ጀመርን። ሺጌትሱን ለቅዳሜ እንይዛለን። ሁለት ነገር ቀረኝ። አማቴ ለልጃቸው ቋንጣ አዘጋጅተው ሊሰጡን ነው፤ ማስገባት ይቻላል? ጥሬ ገንዘብስ ምን ያህል ያስፈልጋል?

ካትሱሺካ

ቋንጣውን እንዳትሞክሩት። ማንኛውም ሥጋ፣ የደረቀም የበሰለም፣ ያለ አገሩ መንግሥት የምርመራ ወረቀት አይገባም። ኤርፖርት ላይ የሚያሸቱ ውሾች አሉ፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። አማትሽ እንዳይከፋቸው ዳቦ ቆሎ ይሥሩላችሁ፣ ያለ ቅቤ ከሆነ ለጾምም ይሆንሻል። ጉምሩክ ላይ ምግብ ይዘናል በሉ፣ አትደብቁ።

ገንዘቡን እዚያው አውጡ። ሰቨን-ኢለቨን ውስጥ ያለው ኤቲኤም የአሜሪካ ካርድ ይቀበላል። ለትንንሽ ምግብ ቤቶችና ለቤተ መቅደሶች መግቢያ የሚሆን የተወሰነ የን ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ለባቡርና ለአውቶቡስ ስዊካ ካርድ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ አይፎን ከሆነ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ይሠራል። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉ ተከትለው ሮጠው ይመልሱላችኋል። ኪዮቶ ጊዮን በሚባለው ሰፈር ውስጥ የግል በሆኑት ጠባብ መንገዶች አትግቡ፣ 10,000 የን የሚል የቅጣት ማስታወቂያ አለ። ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለው የኪዮቶ ቤተ መቅደስ ደግሞ 24 ሰዓት ክፍት ነው፣ በነፃ። ጎህ ሳይቀድ ሂዱ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መተላለፊያ የለም።

እንጀራ ሲያምራችሁ ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ ሰፈር፣ ዮትሱጊ ጣቢያ ውረዱ። እዚያ አካባቢ የአገራችን ሰው ብዙ ነው፣ የእኛ ምግብ ቤትም አለ። የጾም በያይነቱ ይኖር እንደሆን ቀድማችሁ ደውሉ። የምትመጡበትን ቀን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ መጥቼ ጣቢያው በር ላይ እቀበላችኋለሁ።