ፌሪ ዝም ብሎ የልጆች ተረት ነው?

እናት ከሌስተር፦ የልጄ ትምህርት ቤት ዓርብ ዕለት «የፌሪ ክንፍ አድርጋ ትምጣ» አለኝ፤ ፌሪ በእንግሊዞች ተረት ያለች አስማተኛ ትንሽ ፍጡር ናት። እዚሁ አንዱ «የሰይጣን ነገር ነው፣ እንዳትልኪያት» ሲለኝ ሌላው ሳቀብኝ። እስቲ ተከራከሩበት፣ ይሄ የእንግሊዞች ፌሪ ጣጣ የሌለው ተረት ነው ወይስ ሌላ ነገር አለበት?

ቡና በጠዋት፦ ክንፉን ተይው፣ እሱ በኋላ የሥዕልና የቲያትር ሰዎች የጨመሩት ጌጥ ነው። የድሮው ገበሬ ግን ከልቡ ይፈራቸው ነበር። ስማቸውን እንኳ በቀጥታ አይጠራም፣ እንዳይቀየሙት «ደጎቹ ሰዎች» ይላቸዋል። ዴቨን በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ሰው የገዛ ማሳው ላይ መውጫው ጠፍቶት ሲዞር ካመሸ ፒክሲዎች፣ የዚያ አካባቢ ፌሪዎች፣ አዙረውት ነው ይባላል፤ መድኃኒቱ ኮትን ገልብጦ መልበስ።

ጨው በርበሬ፦ ታዲያ ይሄ ምኑ ያስፈራል? ደስ ይላል እንጂ! ቤት አጽድታ ለምታድር ሠራተኛ ጫማዋ ውስጥ ሳንቲም ያስቀምጡላታል፣ ሰነፏን ሌሊት ሲቆነጥጧት ያድራሉ። ግብረገብ ነው በሉት።

ቡና በጠዋት፦ ለማን ነው ግብረገቡ? ጌቶቹ ለጥ ብለው ተኝተው ሠራተኛዋን የሚቆጣጠርላቸው ዘበኛ በነጻ አገኙ።

ዝምተኛው፦ ዋናውን ዘላችሁት። ልጅ ይሰርቃሉ ይባል ነበር እኮ። ጤነኛውን ወስደው የራሳቸውን በሽተኛ ይተካሉ። ስለዚህ የሕፃኑ አልጋ ላይ መቀስ ተከፍቶ ይሰቀላል፣ ብረት ስለሚፈሩ። ልጁ ካላደገ፣ አፍ ካልፈታ፣ «ይሄ የኛ አይደለም» ይባልና ማውጣጣት ይጀመራል። በእንቁላል ቅርፊት ቢራ እየጠመቁ ያሳዩታል፣ ገርሞት «ይህን ያህል ዘመን ኖሬ እንዲህ ያለ አላየሁም» ብሎ እንዲጋለጥ። ይሄ የዋሁ ዘዴ ነው። ሌላው ልጁን ማሰቃየት ነበር፣ እውነተኛው እንዲመለስ። አዋቂም አልተረፈ፤ በ1895 ብሪጅት ክሊሪን ባሏ «ሚስቴ አይደለችም፣ ተቀይራለች» ብሎ አቃጠላት። (ዓመቱ በፈረንጅ ነው።)

ጨው በርበሬ፦ ቆይ ቆይ፣ እሷ አየርላንድ ናት። ጥያቄው ስለ እንግሊዝ ነው!

ዝምተኛው፦ እሺ፣ ተቀብያለሁ። እንግሊዝ ካልክ ፔንዛንስ፣ ኮርንዎል፣ 1843። አንድ አባት ልጁን አንገላቷል ተብሎ ተከሰሰ። ቤተሰቡ ልጁ የተቀየረ ነው ብሎ ያምን ነበር። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ጨው በርበሬ፦ ያልተማረ ሰው ጥፋት እኮ ነው፣ ተረቱ ምን አደረገ?

ቡና በጠዋት፦ ያልተማረ አልክ? ዮርክሽር፣ ኮቲንግሊ፣ 1917። የ16 እና የ9 ዓመት ልጆች ከወረቀት የቆረጧቸውን ፌሪዎች በባርኔጣ መርፌ ሣር ላይ ተክለው ፎቶ ተነሡ። ኮናን ዶይል፣ ያ ሐኪሙ፣ ሼርሎክ ሆምስን የጻፈው፣ በ1920 እውነት ነው ብሎ መጽሔት ላይ አወጣው። ሴቶቹ ማታለላቸውን የተናዘዙት በ1983፣ አርጅተው ነው። ታናሿ ግን ካነሷቸው አምስት ፎቶዎች የመጨረሻው እውነተኛ ነው እንዳለች ሞተች።

ጨው በርበሬ፦ ሃሃ፣ እሱ ይሁንላችሁ። ልጅቷ ግን ክንፏን ታድርግ።

እናት ከሌስተር፦ ታደርጋለች፣ ገዝቼላታለሁ። የመቀሱ ነገር ግን አስደነገጠኝ፤ አያቴም አራስ ቤት ትራስጌ ቢላ ታስቀምጥ ነበር። ዝምተኛው፣ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። የመጀመሪያ ልጄ እስከ አራት ዓመቱ አፍ አልፈታም ነበር። ያኔ ሰፈር ውስጥ የተባለውን እዚህ አልጽፈውም።