በየክረምቱ የምንተክለው ችግኝ ጣናን ለምን አልታደገውም?

ጠያቂ፣ ባሕር ዳር፦
አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ ስለ አየር ንብረት ለውጥም በየስብሰባው ይነገራል። ሆኖም ርብና ጉማራ ዛሬም ደፍርሰው ወደ ጣና ይገባሉ፤ እምቦጩም (ሐይቁን የወረረው የውኃ አረም) ከአፈሩ ጋር ታጥቦ በሚመጣው ማዳበሪያ ይፋፋል። ችግሩን ሁሉም እያወቀው ሥራው እንዳይሠምር የሚያግደው ምንድን ነው? በመስኩ የሠራችሁ ብታስረዱኝ።

የተፋሰስ ባለሙያ፣ ደብረ ታቦር፦
ርብና ጉማራ በሚነሡበት በጉና ተራራ ተዳፋት ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ ከጠባብ ማሳው ቦታ ይቀነስበታል፣ ጉልበቱንም ያወጣል፤ ከጥቅሙ ብዙው ግን የሚደርሰው ከታች ላለው የፎገራ ሩዝ አምራችና ለዓሣ አስጋሪው ነው። ድካሙ የአንዱ፣ ትርፉ የሌላው ሆኖ እስከ ቀጠለ ድረስ በበጋ የተካበ እርከን ቢፈርስ አይደንቅም። ልቅ ግጦሽም በአዋጅ ብቻ አይቆምም፤ ከብቱን አስሮ ለመቀለብ መኖ ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔ ከችግኙ በፊት በእርከኑ ላይ የመኖ ሣር እንዲተከል እመክራለሁ፤ ሣሩን አጭዶ የሚቀልብ ገበሬ እርከኑን ያለ ዘበኛ ይጠብቀዋል። (የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን የማይቆጥር ሪፖርትም አንድ እንቅፋት ነው።)

አስተያየት ሰጪ፣ ጎንደር፦
ከአገራችን የሚወጣው በካይ ጋዝ ከዓለም 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ባለጸጎቹ አገሮች በ2015 ዓ.ም. በሻርም ኤል ሼክ የአየር ንብረት ጉባኤ ለተስማሙበት፣ በለውጡ የተጎዱ ድሃ አገሮችን ለሚደግፈው የኪሳራና ጉዳት ፈንድ በቂ ገንዘብ ሳያወጡ፣ ሸክሙን በጉና ገበሬ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የዘጌ ተወላጅ፦
የፍትሑን ጥያቄ እጋራለሁ፤ ነገር ግን አፈሩ ፈንዱን አይጠብቅም። በጣና ዳር ባለችው በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት ከአባቶች በወረደ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ደኑን ያቆየው ግን ግዝቱ ብቻ ሳይሆን ከጥላው ሥር የሚለቀመው ቡና ጭምር ነው። የቡናው ገቢ ለማይበቃው ሰው ማገዶ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር መሸጥ ይቀረዋል፤ ይህን ደግሞ ስብከት አይከለክለውም።

ጠያቂ፦
ታዲያ ለላይኛው ገበሬ ማን ይክፈል?

የተፋሰስ ባለሙያ፦
በእኔ እምነት በውኃው የሚጠቀም ሁሉ። ለምሳሌ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ የሚሠራው በሐይቁ ውኃ ነው፤ ከኃይል ሽያጩ ጥቂቱ ለላይኛው ተፋሰስ የሚመለስበት ሕግ ቢወጣ፣ ክፍያውም በተሠራው ሜትር ሳይሆን ከክረምት በኋላ ቆሞ በተገኘው እርከን ቢታሰብ ይበጃል።