ቤይትካስተር ልግዛ ወይስ ስፒኒንግ ይሻለኛል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዓሣ ማጥመድ የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ። ቤይትካስተርና ስፒኒንግ ዘንጉ ላይ የሚገጠሙ ሁለት ዓይነት ሪሎች (ክር መጠምጠሚያዎች) ናቸው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የማጠምደው ፖቶማክ ወንዝ ላይ። እስካሁን በውሰት ስፒኒንግ ሪል ነበር የምሠራው። አሁን የራሴን ልገዛ ነው፤ ግን ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ሪልና ለአንድ ዘንግ ብቻ ነው። ዘንጉ ደግሞ እንደ ሪሉ ዓይነት ስለሚለያይ፣ አንዴ ከገዛሁ ገዛሁ ነው።

የምፈልገው ላርጅማውዝ ባስና ስኔክሄድ የሚባሉትን ዓሦች ነው። ሁለቱም ጥቅጥቅ ያለ የውሃ ሣር ይወዳሉ። ዓሣው መንጠቆ እንደያዘው ሣሩ ውስጥ ይወሸቃል፤ ጎትቶ ለማውጣት ወፍራም ክርና ጉልበት ያለው ሪል ያስፈልጋል። ለዚህ ቤይትካስተር የሚያክለው የለም ይላሉ። የጓደኛዬን ሞከርኩት፣ ወደድኩትም። ችግሩ ነፋስ ነው። ማጥመጃው (ክሩ ጫፍ ላይ ታስሮ የሚወረወረው ማባበያ) አየር ላይ እያለ ነፋስ ሲገጥመው ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ስፑሉ (ክሩ የሚጠመጠምበት) ግን መሽከርከሩን ይቀጥላል። በአውራ ጣት በጊዜ ካልተያዘ ክሩ ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ይሆናል። ያንን ለመፍታት ቁጭ ስል ማታው ያልቃል፤ ከሥራ በኋላ ያለችኝ ጊዜ ደግሞ አጭር ናት።

ስፒኒንግ ይህ ጣጣ የለበትም። ሲወረወር ስፑሉ አይዞርም፤ ቀላል ማጥመጃም ራቅ አድርጎ ይወረውራል።

እና መጠኑ 4000 ቁጥር የሆነ ስፒኒንግ፣ 30 ፓውንድ የሚችል ብሬድ (የተጎነጎነ) ክር ተጠምጥሞበት ያንን ሣር ይችለዋል? ወይስ የቤይትካስተሩን ፍሬን ጠበቅ አድርጌ ቀስ በቀስ ልልመደው?

ደግሞ ግራኝ ነኝ። የስፒኒንግ እጀታ ወደፈለጉት ጎን ይዞራል፤ የቤይትካስተር ግን እንደተገዛ ነው የሚቀረው። ግራኞች ካላችሁ፣ እናንተ በየትኛው እጅ ነው የምትጠመጥሙት?